ሁለተኛው ኮድ

ዲኬተር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ ቢሊንግ፣ ማለትም ሒሳብ መጠየቂያ፣ ክፍል ነው የምሠራው። ጤነኛ ልጅ ለዓመታዊ ቼክአፕ ሲመጣ እንደ ዕድሜው አንድ የክፍያ ኮድ እናስገባለን፤ ኢንሹራንሱ ሙሉውን ይሸፍናል። ዶክተሯ በዚያው ቀጠሮ ሌላ ሕመም ካየች ግን ሁለተኛ ኮድ ይጨመራል። ለሁለተኛው ኮድ ወላጁም እንዲከፍል ይጠየቃል።

ከፓይን ሌክ የምትመጣ አንዲት እናት ይህን ያወቀችው የክፍያ ቢሉ ቤቷ ሲደርስ ነው። ደወለችልኝ።

«ቼክአፕ ነፃ ነው አላላችሁኝም?»

«ነፃ ነው። ግን ስለ ልጁ ቆዳ ሽፍታ ጠይቀሽ መድኃኒት ታዘዘለት።»

«እግረ መንገዴን እኮ ነው የጠየቅኩት።»

አስረዳኋት። አመስግና ስልኩን ዘጋችው።

በዓመቱ ልጇን ይዛ መጣች፤ አማቷም አብረዋት ነበሩ። ምርመራው እንደተጀመረ ነርሷ ለትርጉም ጠራችኝ። እናትየው እንግሊዝኛ ትችላለች፤ አማቷ ግን የሚሉት ነገር ኖሯቸው ምራታቸው አልተረጉምም ብላ ነበር።

«ምን ልበልልዎ?» አልኳቸው።

«ይሄ ልጅ ፊቴን ካላየ አይሰማኝም። ከኋላው ስጠራው ዝም ነው። ጥጋብ መስሏቸው ይቆጡታል።»

«ተይው፣ እህቴ» አለችኝ እናትየው። «ዛሬ የመጣነው ለቼክአፕ ብቻ ነው። » ወደ አማቷ ዞረች። «እርስዎም ቤት እንነጋገራለን ብዬዎት አልነበር?»

ዶክተሯ እኔን እኔን ታያለች። ለትርጉም ስገባ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ የመናገር ግዴታ አለብኝ። የአማትየውን ተረጎምኩ፤ ቀጥዬ የእናትየውንም። እናትየው አንገቷን ደፋች። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ልጁ አስጠግታ ጆሮውን ማየት ጀመረች። በሁለቱም በኩል ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ወደ ጆሮ ሐኪም ላከችው።

ሲወጡ እናትየው የሒሳብ መስኮቴ ጋ ቆመች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር።

«ባለፈው ዓመትም ጆሮው እንዲህ ነበር ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ አላውቅም። ዶክተሯን ጠይቂያት» አልኳት።

ተመልሳ ገባች። ከዶክተሯ ጋር በሩን ዘግተው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ አማቷ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ፈሳሹ እንዲወጣ ጆሮዎቹ ውስጥ ትንንሽ ቱቦዎች ገቡለት። ከዚያ በኋላ ለክትባት ሲመጡ እንዴት ሆነ አልኳት።

«ፍሪጁ ይጮሃል ብሎ ይነጫነጫል» አለች። «እኛ ለምደነው ነው መሰለኝ፣ ድምፅ እንዳለውም አናውቅም ነበር።»