ትንፋሽ በማሰልጠን ወንጀል

እኔን ብሎ አሰልጣኝ! ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ጉልበቴ በታጠፈ ቁጥር ቋ ቋ የሚል አሮጊት። አርፌ ሽሮዬን አልበላም ነበር?

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ ነው። ፈተና በደረሰ ቁጥር ደረቷን ይዛ «እማማ፣ አየር አጠረኝ» ትለኛለች። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ አተነፋፈስና ሰውነት ማፍታቻ አሳየችን። እሷ ሲሻላት ጓደኞቿም ተከትለው መጡ። ቀራንዮ ያለችው ግቢዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በልጃገረድ ሞላች። ሰሌን አንጥፈን እንተነፍሳለን፣ በቃ። ያን ሰሞን ግን ሰብሰብ ማለት ክልክል ነበር። አንዱ «አሮጊቷ ወጣት ታሰለጥናለች» ብሎ ጠቆመ።

ፖሊሶቹ በጎረቤቴ አጥር ዘለው፣ ጎመኗን ረጋግጠው ገቡ። የልጅ ልጄን ሱቅ ልኬያት ስለነበር ተረፈች። ሌሎቹ ተበተኑ። እኔ መሮጥ አቃተኝ፤ የዚያችው ጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ጥዬዎት አልሄድም አለች። ሁለታችንንም ወሰዱን።

«ምንድን ነው የምታሰለጥኛቸው?» አለኝ መርማሪው።

«ትንፋሽ።»

«ለምን ዓላማ?»

«ላለመሞት።»

አልሳቀም።

የጣቢያው የሴቶች ክፍል በእስረኛ ሞልቷል፣ በረኪናም ይሸታል። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ከላይ መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። ብረት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷ ትንፋሿ ቁርጥ፣ ጣቶቿ ድርቅ ይላሉ። «አሮጊቷ አድማ አስተማረችን በይና ቤትሽ ግቢ» ብለዋታል።

«እማማ፣ ነገ ከጠሩኝ የሚፈልጉትን እላለሁ» አለችኝ። «ደረቴ ሲዘጋ አልችልም።»

«በይ ተነሽ። እግርሽን መሬቱ ላይ ትከዪ። አሁን ከሰል እንደምታያይዢ ንፊ። ከተጣደፍሽ አመዱ ዓይንሽ ውስጥ ነው፤ ቀስ፣ ረዘም።»

ነፋች። ወዲያው ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ ክምር በኩል ሽታውን ይዞ ተነሳ። «ኧረ አሁንስ አትሳቢ፣ ይለፍ!» ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘቡ በሩን በረገደው።

«ሥልጠናው እዚህም ቀጠለ? መተንፈስ ምናምን የሚባል እንዳልሰማ!»

«እሺ ልጄ» አልኩት፤ «መጀመሪያ አንተ አቁምና አሳየን።»

በማግስቱ ልጅቷን ወሰዷት። የራሴ ትምህርት ለራሴ አልሠራ አለ። ስትመለስ ግን ማንም ሳይደግፋት በራሷ እግር ገባች።

«ምን አልሻቸው?»

«በጠየቁኝ ቁጥር መጀመሪያ ነፋሁ። ‹ምን እየሠራሽ ነው?› አለኝ መርማሪው። ‹እማማ ያስተማሩኝን› አልኩት። ‹ሌላስ ምን አስተማረችሽ?› ሲለኝ ደግሜ ነፋሁለት።»

ማታ ለቆጠራ ዘቡ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ። እግራቸውን ተክለው፣ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው ነፉበት። የጮኸ የለም፤ የሰደበ የለም። ቆጠራው ጠፍቶበት እንደ አዲስ ጀመረ።

ለምን እንደታሰርን እንዳልነገሩን፣ ለምን እንደፈቱንም አልነገሩንም። ዛሬም በር ሲንኳኳ ያ ብረት ትዝ ይለኛል። እግሬን እተክላለሁ፣ እነፋለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ።

የልጅቷ እናት ስንፈታ ሰላምታ ነፍጋኝ ነበር። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ግን ልጇን ከነሰሌኗ አስከትላ አጥሩ ጋ ብቅ አለች። ስድቤን ልቀበል ተዘጋጀሁ።

«ስሚ» አለችኝ፤ «ደግመው ሲመጡብሽ በበርሽ አስገቢያቸው። ጎመኔን ገና አሁን ነው የተከልኩት።»