የኮርማው ቀለም

ምላሴ ከእጄ ይቀድማል። ድሬሰር ሆኜ ጋምቤላ ስመደብ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ የምወጋውን መድኃኒት ከነታሪኩ ካላስረዳሁ መርፌው የሚሠራ አይመስለኝም ነበር። አለቃዬ፣ ከጎጃም የመጡ አንጋፋ ድሬሰር፣ «አንተ ሰው፣ ፋሻውን አፍህ ላይ ጠምጥመው» ይሉኝ ነበር። ብሰማቸው ኖሮ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

በሁዳዴ ነው። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ የክሊኒኩ ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ በሙቀት ይንጣጣል። አንድ የኑዌር ሰው ከሚስቱ ጋር የስድስት ወር ሴት ልጅ ይዞ መጣ። ተቅማጥ አድርቋታል። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም፤ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። የምንሰጣት ፈሳሽ ነበረን፤ ደም ሥር ግን አጣን። አለቃዬ እጇንም እግሯንም ሞከሩ። እኔ ጭንቅላቷን ሞከርኩ። ምንም የለም። ልጅቷ እጃችን ላይ ልትሞት ነው።

ያኔ በላምባ ከሚሠራው ማቀዝቀዣችን ጥግ ማንም የማይነካው ካርቶን ትዝ አለኝ። ውስጡ ነጭ ዱቄት የያዙ ትንንሽ ብልቃጦች ነበሩ። ዱቄቱ ተበጥብጦ ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ሥጋን እርስ በርሱ ያጣበቀውን ሙጫ ያላላል፤ ፈሳሹ ያለ ደም ሥር እዚያው ይሰርጋል። ስለዚህ ዱቄት የተማርኩት ሳቄን አፍኜ ነበር። ኢንዛይም ይባላል፤ የሚወጣው ከኮርማ ቆለጥ ነው። የወንዴው ዘር እንደ ቆብ በራሱ ላይ ደፍቶት ይጓዛል። የሴቴዋ ዕንቁላል በሙጫ የተያያዘ አጥር አጥራ ትጠብቀዋለች፤ እሱ አጥሩን እያሟሟ ይገባል። ላምም በግም ንጉሥም የተፀነሰው አጥር ተጥሶ ነው።

ዝም ብዬ መውጋት ስችል ይህን ሁሉ ላባትየው ማስረዳት ጀመርኩ። የሚያስተረጉምልኝ የክሊኒኩ ዘበኛ ነበር። ስለ ቆቡ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ሙጫው እጄን እያወናጨፍኩ ተናገርኩ። ዘበኛው በትዕግሥት አዳምጦኝ ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። አባትየው ብድግ አለ።

«ምን አልከው?»

«ውስጡ የኮርማ ቆለጥ አለ፣ አልኩት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ብዙ ነው። አይጠቅምም።»

አለቃዬ መርፌውን ሊቀበሉኝ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። «ቆለጥ ነው ያልከው? በጾም?»

«ጌታዬ፣ ልንወጋው እንጂ ልንበላው አይደለም እኮ!»

«ከጉሮሮ በታች የገባና ከቆዳ በታች የገባ በምን ይለያል? እኔስ በዚህ እጄ ነገ እንዴት ቅዳሴ እቆማለሁ?»

የእግሩን ቁስል ሊያስጠርግ በር ላይ የተቀመጠ ባለሱቅም ነበረ። ይህን ሲሰማ እሱም አንገቱን አስገባ። «ሐኪም፣ ባለፈው እኔን የወጋኸኝ ከዚህ አይደለም አይደል? ለመሆኑ ማን ነው ያረደው? ቢስሚላህ ተብሎበታል?»

«በስመ አብ ተብሎበት ከሆነስ?» አሉ አለቃዬ።

«እሱማ ለኔ አይሆንማ!»

ሁለቱ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ሰው እጅ ስለታረደ ኮርማ ሃይማኖት ተያያዙ። እናትየው ልጇን አቅፋ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። እኔ ደሜ ፈላ።

«አልታረደም!» ብዬ ጮህኩ። «ተኮላሸ እንጂ አልታረደም! እስከ ዛሬ በሕይወት አለ!»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አለቃዬ ጥቂት አሰቡና «ካልታረደማ ሥጋ አይባልም» አሉ። ባለሱቁም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ቁስሉ ተመለሰ። እፎይ ብዬ መርፌውን ሳነሣ አባትየው እጄን ያዘኝ። ዘበኛውን አንድ ነገር ጠየቀው።

«እሱ ይላል፣ ኮርማው ቀለም ምንድን ነው?»

«ልጁ እየሞተች ስለ ቀለም ይጠይቀኛል?»

ዘበኛው ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ከብት ሰውነት ውስጥ ከገባ ዘመድ ነው። እሱ ቀለሙን የማያውቀው ዘመድ ቤቱ አይገባም።»

በዓለም ላይ አሳምሬ የማውቀው ከብት አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቴ የእርሻ በሬ። «ቀይ ነው» አልኩ። «ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። ግራ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ ነው።» ቀንዱ የታጠፈው በወይፈንነቱ ገደል ገብቶ ነው። ኑዌሮች ግን የሚወዱትን በሬ ቀንድ ራሳቸው እንደሚያጣምሙ ያኔ አላውቅም ነበር። አባትየው ፊቱ በራ። እጄን ለቀቀኝ፤ የልጁንም ጭን ራሱ ያዘልኝ።

ፈሳሹ ጭኗ ላይ አብጦ ቆየና ቀስ በቀስ ሰረገ። ከቀትር በኋላ ልጅቷ ሸናች፤ የዘበኛው ሱሪ በሰበሰ። በሰው ሽንት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አለቃዬ እንኳ ጾማቸውን ረስተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

አባቷ በዚያ በሬ ቀለም ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ከተማ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ በሬው ነው። «ደህና ነው፣ ያርሳል» እለዋለሁ። «እንዲህ ያለ በሬ እርሻ ያርሳል?» ብሎ ያዝናል። ውሸቴ እያደር እውነት መሰለኝ። በሬው ሳያውቀው አንዲት ልጅ አድኖ፣ አገር ቤት ሞፈር ይጎትታል።

በዓመቱ ለፋሲካ ፈቃድ ወስጄ አገሬ ገባሁ። አባቴ ሊቀበለኝ ወጥቶ «ለሐኪሙ ልጄ የማይታረድ ምን አለ!» አለኝ። ደጁ ላይ የተወጠረውን ቆዳ አየሁ። ቀይ ነው፤ ቦቃው ወደ ሰማይ አፍጧል። ምን ልበለው? በላሁ። አልዋሽም፣ ጣፍጦኛል።

ስመለስ ሰውየው ልጁን ይዞ ክሊኒኩ በር ላይ ይጠብቀኛል። ዘበኛው የምመጣበትን ቀን ነግሮታል።

«በሬውን አየኸው ወይ፣ ይላል።»

ያ ምላሴ እምቢ አለኝ። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች፤ ወደ ተከፈተው ቦርሳዬ እየተንገዳገደች ሄደች። እናቴ ከጠቀለለችልኝ ቋንጣ አንዱን መዝዛ ወደ አፏ ወሰደችው።

«ተይ!» ብዬ ነጠቅኳት። ሞክሼዋን ልትበላ ነበር።

አባቷ ቋንጣውን አየ፤ ከዚያ የኔን ፊት አየ። ማንም ምንም አልተረጎመለትም። ቋንጣውን ሁሉ ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ታቀፈው፤ ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔ አካፋ አመጣሁ። ያ በሬ ያረሰው እርሻ ነው ያስተማረኝ፤ ደህና ሁን ያለው ሰው ግን አልነበረም። እየቆፈርኩ አለቀስኩ።

አለቃዬ ድምፅ ሰምተው ወጡ። «ምን ጉድ ነው? ቋንጣ ይቀበራል እንዴ?»

«ዘመድ ነው» አላቸው ዘበኛው።

አለቃዬ ጉድጓዱን አዩ፤ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባችን ቆሙ።