ሁለተኛው ካርድ

ዕድሜዬን የጨረስኩት የጭነት መኪና በመንዳት ነው። ጅቡቲ እጭናለሁ፣ አዲስ አበባ አራግፋለሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ቤቴ አድሬ እመለሳለሁ። የናፍጣውን፣ የጎማውን፣ የኬላውን ሒሳብ እኔ አውቃለሁ፤ የቤቱን ባለቤቴ ታውቃለች። ተነጋግረን የተካፈልነው ነገር አይደለም፤ እንዲያው በዚያው ሆኖ ቀረ። ጡረታ ወጥቼ ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታችን ጠቅልዬ ስገባ ግን ብዙም አብረን አልቆየንም። ድንገት ታመመች፣ ሳምንት ሳትተኛ አረፈች።

ድንኳኑ ተነቀለ፤ ለቀስተኛው ተበተነ። አንድ ልጃችንም ወደ ሥራው ወደ ሐዋሳ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቤቱ እንደዚያ ሰፊ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ሁሉ የጠፋ መስሎኝ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ቆይቼ በመስኮት ስመለከት ማዶ ያለው ሱቅ በርቷል። ተሻግሬ ሄድኩ። ባለሱቋ ከስልጤ አካባቢ የመጣች ወጣት ናት፤ ባለቤቴን እንደ እናቷ ነበር የምታያት።

“ጋሼ፣ ካርዱ አልቆ ይሆናል እኮ። መቼ ነው ያስሞሉት?”

“የምን ካርድ?”

“የቆጣሪው ካርድ። ቀድመው ካላስሞሉት ሲያልቅ ያጠፋል። እሳቸው ነበሩ ወስደው የሚያስሞሉት።” ሻማ ሰጠችኝና ካርዱ ቆጣሪው ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደሆን እንዳይ ነገረችኝ። እዚያው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የመብራት ክፍያ ቢሮ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰዉ ስልኩን ያያል፣ አንዳንዱ ይተዋወቃል፣ ያወራል። ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ተቀባይዋ ካርዱን ማሽኑ ውስጥ ከተተችና ስሙን አንብባ ቀና አለች።

“ይህንን የሚያመጡት አንድ እናት ነበሩ። ዛሬ ምነው?”

“ባለቤቴ ናት። አርፋለች።”

“ነፍስ ይማር፣ አባባ። ምንም አልሰማሁም።” ካርዱን ከሞላችልኝ በኋላ ግን ወዲያው አልሰጠችኝም። “ያኛውስ ካርድ? ሁልጊዜ ሁለት ነበር የሚያመጡት።”

“ሁለት ቆጣሪ የለንም።”

“የእናንተ አይደለም። የአንዲት አሮጊት ነው ይሉኝ ነበር። ከእናንተ በታች፣ ወንዙ ጋ ያሉ።”

ከኋላዬ ያለው ሰው ተራውን ሊይዝ ተጠጋ፤ እኔም ወጣሁ። ቤት ስደርስ ከሞተች ወዲህ ያልነካሁትን ቦርሳዋን ከበሩ ጀርባ አውርጄ ከፈትኩ። መሀረብ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ከሥሩ ያ ካርድ አለ። ባለቤቴ ለማስሞላት ተቀብላ፣ ሳታደርሰው ነው የወደቀችው። ለቀስተኛ ተቀብዬ ስሸኝ በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ እዚያ ታች አንድ ቤት ጨለማ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ተመልሼ ሄድኩና እንደገና ተሰለፍኩ። አስሞልቼ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከቪላዎቹ አጥር መካከል አንዲት የጭቃ ቤት አለች፤ ከጓሮዋ በቆሎ ተዘርቷል። ሰፈሩ ሁሉ እርሻ በነበረበት ጊዜ መሬቱ የቤተሰባቸው ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። “ቤቶች” ስል አንዲት አሮጊት ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

“እማማ፣ የመብራት ካርድዎን ይዤ ነው የመጣሁት።”

ተቀብለው አገላበጡት። “አውቄሃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ መጥቼ ተቀምጬ ነበር። አንተ አላየኸኝም።”

“ታዲያ ካርዱን ለምን አልጠየቁኝም?”

“ሐዘን ቤት ገብቶ መብራቴን ስጡኝ ይባላል እንዴ፣ ልጄ? ያሳፍራል።”

ካርዱን ቆጣሪው ውስጥ ሰካሁት። አምፖሉ በራ፤ የጣራው ጥላሸት፣ አልጋው፣ መደቡ ታየ። ኩራዛቸውን እፍ ብለው አጠፉና “ተቀመጥ” አሉኝ። “እሷም ትቀመጥ ነበር።”

ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካርዱን ባመጣች ቁጥር እስኪመሽ እንደማትነሳ ነገሩኝ። በቆሎ ትፈለፍልላቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸዋለች፣ ታወራለች። “አንዳንዴ፣ መሸብሽ፣ ቤትሽ ሂጂ እላታለሁ። ቤት ማን አለ ብላ ትስቃለች።” ይህን ሲሉኝ ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንደ ሌላው ወሬ ነው የነገሩኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ በጅቡቲው መንገድ ጋላፊ ወይ ሚሌ ነበርኩ። ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ስተኛ፣ ከሁለታችን ብቸኛው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እሷማ ቤት አላት፣ ጎረቤት አላት እላለሁ። ስደውልላት ሁሉም ደህና ነው ትለኛለች፤ ስለ እኚህ ሴት ግን አንድም ቀን አላነሳችልኝም። ለምን እንዳላነሳች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አልጠየቅኳትም ይሆናል፤ ምናልባትም የራሷ ብቻ እንዲሆን ፈልጋ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ካርድ የማስሞላው እኔ ሆንኩ። ልጄ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። “አባዬ፣ ለምን ትሰለፋለህ? እኔ ከዚህ ሆኜ በስልክ መክፈል የምችለውን ልክፈልልህ።” የውሃውን ተውኩለት። ሲከፍል በእኔም ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ያናገረኝ የሌለበት ጊዜ አለ። ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች ግን ክፍያቸውን በእጅ ነው የሚቀበሉት። በር ላይ አቁሜ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ጋሪያቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ እነሱ ይቸኩላሉ፣ በትሕትና መልሰው ይሄዳሉ።

እማማ ጋ ወሩ በገባ ቁጥር እወርዳለሁ። ጥፍር መቁረጥ አልሞከርኩም፤ በቆሎ ግን ፈለፈልኩ። ስለ ባለቤቴ ያልሰማሁት ነገር ነበራቸው፤ ወጥ ስታማስል ስለምታንጎራጉረው ዘፈን፣ ዕቁብ ሲደርሳት ልትገዛ ስላሰበችው የልብስ ስፌት መኪና። እየጠየቅኩ አዳምጣለሁ። መጠየቁን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ክረምቱ ሲገባ የቤታቸው ግድግዳ በአንድ ወገን ተናደና ልጃቸው ፉሪ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደቻቸው። ወሩ ሲገባ አስቤበት ሳይሆን እግሬ ይዞኝ ሄደ፤ ታክሲ ተሳፍሬ ጠይቄ ጠያይቄ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። እኔን የምታውቀኝ በካርዱ ነው።

“ምነው ጋሼ፣ የቀረ ክፍያ አለ እንዴ?”

“የለም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።”

ከውስጥ እማማ ድምፄን ለይተው “ግባ በይው” አሉ። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ጓሮው በቆሎ ጠየቁኝ፤ ጎረቤት እየሰበረ እንደሚወስደው ነገርኳቸው፤ “ይውሰድ” አሉ። ሲመሽ ተሰናብቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳም። ሥራ ላይ ይሆናል ብዬ ራቴን አሙቄ በላሁ።