የሽፈራው ተራ

ከክፉው ቀን አስቀድሞ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በጥር ወር የሆነ ነው። ትናንት ለጎረቤት ሠርግ እምቢልታ ሲነፋ ከደጄ ተቀምጬ ሰማሁ። ከነፊዎቹ አንዱ ተራው ሲደርስ ዘገየ። ሌላው ሰው ልብ አላለውም፤ እኔን ግን ያ ጥር ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በኋላ የእምቢልተኞች አለቃ ሆኖ ብዙ ሰው መርቷል። በአንኮበር ግብዣ ሲኖር እርሱ ሳይቀድም ጌቶች ወደ አዳራሽ አይገቡም ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሦስት ብቻ ነበሩ።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት ጣት የሚሄድበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ቀርከሃ ያለው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ድምፅ ነው። ለብቻው ዜማ አይወጣውም፤ አንድን ነገር ለሦስት ተካፍለው እንደሚናገሩ ሰዎች እየተቀባበሉ ነው የሚነፉት። ትልቁን ተሰማ፣ መካከለኛውን ባልንጀራው ሽፈራው፣ ትንሹን ደስታ የሚባል ዝምተኛ ሰው ይነፋ ነበር።

ተሰማ አንድ ሥርዓት ነበረው። አብረው የሚነፉ ከአንድ መሶብ ይብሉ፣ ቂም የያዘ ካለ እምቢልታ አያንሣ ይል ነበር። ቂም ካለ ትንፋሽ አይገጥምም ባይ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን አግብቶ ካመጣኝ ጀምሮ ቤቴ የእነርሱ ነበር። ሽሮውን ሠርቼ፣ ጠላውን ቀድቼ አቀርባለሁ፤ እነርሱ ይጎራረሳሉ። የተሰማ የመጀመሪያ ጉርሻ የሽፈራው ነው። እኔ ቆሜ አያለሁ። ማለዳ ሲነሣም የስድስት ወር ልጃችንን ሳያይ እምቢልታውን ውሃ ያጠጣል፤ ቀርከሃ ከደረቀ ይሰነጠቃላ።

ሽፈራው ጨዋታ አዋቂ ነው። እንደማልወደው ያውቃልና «ጣውንቴ» ይለኛል።

«ጣውንቴ፣ እንዴት አደርሽ? ባላችን ተነሣ?»

ዝምተኛው ደስታ እንኳ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሌላ ሴት ብትሆን ለንስሐ አባቴ እናገር ነበር። ስለ አንድ ወንድና ስለ አንድ ቀርከሃ ምን ብዬ ልናገር?

የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ሠርግ ደረሰ። ጌታው ተሰማን አስጠርቶ፣ ነገሩ ካማረ ከግቢ ድርጎ እየተሰጣችሁ ትቀመጣላችሁ አለው። ለእኔ ይህ ማለት ስለ ቀለብ ሳልሳቀቅ ልጄን ማሳደግ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ቤቴ ውስጥ ከእምቢልታ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ልጄ ጥርስ ሊያበቅል ነው መሰል ለቅሶው አላባራ አለ። ሽፈራው ዜማውን አቋረጠ።

«ጣውንቴ፣ ይህን ልጅ ወደ ውጭ አውጪልን! ተራዬን አሳተኝ።»

የውጭው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ከበሩ ቆሟል።

«የአባቱ ቤት ነው» አልኩ።

«ለአባቱ ግቢ ውስጥ ሌላ ቤት እንሠራለታለን፤ አሁን አውጪው።»

ተሰማ እምቢልታውን ከአፉ አወረደ።

«ሽፈራው፣ አንተ ውጣ።»

«ምነው ተሴ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«ልጄን ወደ ብርድ አውጡ ከሚል ሰው ጋር አልነፋም። ውጣ።»

ሽፈራው ትንሽ ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ሲያጣ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። እምቢልታው ግድግዳው ላይ እንደ ተደገፈ ቀረ።

በልቤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። የዚያን ምሽት፣ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለቤቴ እኔን አስቀድሞ አጎረሰኝ።

ከእራት በኋላ እርሱና ደስታ ለሁለት ሊሞክሩት ተነሡ። ተሰማ ነፋ። ቀጥሎ የሽፈራው ተራ ነው። ተሰማ ዝም ብሎ የሽፈራውን ትንፋሽ ያህል ጠበቀ፤ ከዚያ ደስታ ተቀበለ። ዞረው እዚያው ደረሱ፤ እንደገና ጠበቀ። ቢፈልግ ሊዘለው ይችል ነበር። አልዘለለውም። ሳያሳጥር፣ ሳያስረዝም፣ ባዶውን ተራ አኖረለት።

ያን ጊዜ ቅናቴ ባሰ። ሰውየው ከቤት ወጣ እንጂ ስፍራው አልወጣም። እኔ አንድ ቀን ብሄድ እንዲህ የሚጠበቅልኝ ተራ አለኝ ወይ? ብዬ አሰብኩ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«ለማስተማር አንድ ክረምት ሙሉ ይፈጃል።»

«እንግዲያስ ሽፈራውን ጥራው።»

«ያስወጣሁት ስለ አንቺና ስለ ልጁ ነው። እኔ ብጠራው እናንተን ማስወጣቴ ነው» አለና እምቢልታውን ሰቀለ። የግቢውም ነገር እዚያው አብሮ ተሰቀለ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ሜዳው አመዳይ ለብሷል። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ፣ ልጄን አዝዬ፣ የሽፈራውን እምቢልታ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤቱ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ቅናቴ አልለቀቀኝም። እመቤቴን የለመንኳትም እንዲለቀኝ አይደለም፤ እግሬን እንዳያዳልጠኝ ብቻ ነው።

ሽፈራው በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ቀልድ ጠፋበት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ያልኩም እኔ ነኝ። ተነሥ።»

እጁን ወደ እምቢልታው ዘረጋ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ በተዘረጋው እጁ ላይ አኖርኩት። ልጁ ሰው ቢለወጥበት ጮኸ።

«ምን ላድርገው?» አለ ደንግጦ።

«ያዘው» አልኩት።

እምቢልታውን ግን አልሰጠሁትም። እርሱ ልጁን እሹሩሩ እያለ ከኋላ፣ እኔ ቀርከሃውን በትከሻዬ ይዤ ከፊት፣ ዳገቱን ወጣን።