ቅርፊት የለውም የተባለው ዓሣ

ቶሮንቶ ሐይቅ እንጂ ባሕር የላትም። ከጨው ውኃ ዓሣ ላጥምድ ያለ ሰው አሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ነድቶ ኖቫ ስኮሺያ መድረስ አለበት። እኔና ጓደኛዬ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ይህን እብደት እናደርገው ነበር፤ የምነግራችሁ የሦስተኛውን ዓመት ነው፣ የመጨረሻችንን።

ጓደኛዬ ስል ቃሉ ትንሽ ይጎረብጠኛል። ካናዳ የገባሁ ቀን ከኤርፖርት የተቀበለኝ፣ ፓርክዴል ሰፈር አፓርታማው ውስጥ ሶፋ ላይ ያስተኛኝ፣ መጋዘን ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ክፋቱ፣ እንዳልረሳው ራሱ ዘብ ይቆማል። ሰው ፊት ሲያስተዋውቀኝ «ይኼን ልጅ እኮ እኔ ነኝ የተቀበልኩት» ይላል። ልጁ እኔ ነኝ፤ አርባ ሊሞላኝ ነው። ጃኬት ስገዛ ይመርጥልኛል፣ ምግብ ቤት ስንገባ ሳይጠይቀኝ ምግብ ያዝልኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩለት።

የባሕሩ ነገርም ያው ነበር። ቋጥኝ ላይ ቆመን መንጠቆ እንወረውራለን፤ እስኪመሽ ብዙ ዓይነት ዓሣ ባልዲው ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። የሚቆጠረው ብዛቱ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። አንድም ጊዜ አሸንፌው አላውቅም፤ እሱም አንድም ጊዜ ሳያስተምረኝ አላለፈም። ክርህን አላላው፣ ወደ ግራ ወርውር፣ መንጠቆህ ትልቅ ነው። በዚያ ዓመት ግን ማሸነፍ ፈለግኩ። አንዴ እንኳ እኩያው ሆኜ ወደ ቤቴ መመለስ አማረኝ።

ጠዋቱ ለእኔ አደላ። መጀመሪያ ፖሎክ የሚሉትን ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ዓሣ ያዝኩ፤ ቀጥሎ ሁለት ዓይኖቹ በአንድ ጎን ያሉ ጠፍጣፋ ዓሣ፤ ከዚያ ደግሞ ጀርባው በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ ማክሬል፣ ከዚያ በፊት ለሁለታችንም ገጥሞን የማያውቅ። እኔ ሦስት ዓይነት፣ እሱ ሁለት። ፊቱ ጨፈገገ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። እንዲያውም እያፏጨሁ ምሳችንን ላመጣ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ስመለስ ማክሬሌ ባልዲው ውስጥ የለም። ቀና ስል ሁለት የባሕር ወፎች ውኃው ላይ እየተሻሙ ይቦጫጭቁታል።

«ምን አደረግከው?» አልኩት።

«ጣልኩት» አለኝ ቀዝቀዝ ብሎ። «ቅርፊት የለውም። ዳሰስኩት እኮ፣ ልክ እንደ አምባዛ ልስልስ ነው። አይበላም።»

አገር ቤት አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙዎቻችን አፋችን አናስገባውም፤ ያደግንበት ሥርዓት ነው። እሱ ደግሞ በልጅነቱ ዲያቆን ነበርና በዚህ ጉዳይ ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን ዓሣውን ከመንጠቆ ሳላቅቀው መዳፌ ላይ የተጣበቀውን አይቻለሁ። እጄን ዘረጋሁለት። ከሰሊጥ ያነሱ፣ ስስ፣ የሚያብረቀርቁ ቅርፊቶች ነበሩ።

«ይኼስ ምንድነው?»

«የሌሎቹ ይሆናላ!»

«ከእነሱ በኋላ እጄን ታጥቤያለሁ። ጉግል አድርገው።»

«ኔትወርክ የለም እዚህ። ደግሞ ምን ያስቆጣሃል? ሪላክስ አድርግ። ላንተ ብዬ ነው እኮ፤ ሳታውቅ ልትበላው ነበር።»

ላንተ ብዬ። ይህችን ስሰማ ስንት ዓመት ያመቅኩት ሁሉ ገነፈለ።

«ስለ እኔ አትወስን! ልበልጥህ ስል ነው ሃይማኖትህ ትዝ ያለህ?»

«ለአንድ ዓሣ ነው እንዲህ የምትሆነው? ሰው ነህ አንተ? ማነው ከኤርፖርት የተቀበለህ?»

«አንተ ነህ» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተቀበልከኝ ነው። አትጨርስም እንዴ?»

ሊያጭበረብረኝ ብሎ እንዳልጣለው ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ራሱ ቢይዘውም ይጥለው ነበር። ግን ቃሌን አልመለስኩም። እንዲያመው ፈልጌ ነበር፣ አመመው።

ዕቃችንን ሰብስበን ገና በጠራራው ተነሣን። ሌላ ጊዜ እየተቀያየርን ነበር የምንነዳው። ኒው ብረንዝዊክ ላይ «ልቀይርህ» አልኩት፤ መሪውን አልለቀቀም። ኩቤክ ላይ ዓይኑ ተከድኖ መኪናው ወደ መንገዱ ጠርዝ ሲንሸራተት ጮህኩ።

«አቁም! እኔ ልንዳ!»

መሪውን አቀናና ወደ እኔ ሳይዞር «አንተ ተኛ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልነገረኝም። እኔም አልተኛሁም። እንደዚያ አኩርፎኝም ኢስት ዮርክ ቤቴ በር ድረስ አደረሰኝ። ሻንጣዬን አወረድኩና፣ አመሰግናለሁ ሳልለው በሩን ዘጋሁበት።