የሐቢብ መዶሻ

ፓምፕ ጠጋኙ ሐቢብ የባለ ላቫጆውን የገብረጻድቅን መንጋጋ በመዶሻ ሰበረ ተባለ። ወሬው ከመቀሌው ሓድነት ሰፈር ሲነሳ መዶሻው አንድ ነበር። ዓይደር ሲደርስ አራት ሰው የሚሸከመው ሆነ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ቁሓ ሲገባማ የገብረጻድቅ ጥርስ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን መትቶ መልሷል።

ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ሐቢብ ከወሎ ከመጣ ጀምሮ አንዲት ብሎን «ቢስሚላህ» ሳይል ፈትቶ አያውቅም። የዛገ ቢገጥመው እንኳ ይለማመጠዋል እንጂ አይሰድበውም። እንጀራው የሰው ግቢ ነው፤ ሰው ደብዳቢ ከተባለ ማን በር ይከፍትለታል?

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ላቫጆው በር ላይ የሰርግ መኪኖች ተሰልፈዋል። ሐቢብ ሞተሩን ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ኮፕሊንግ አስገብቶ ብሎኑን ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ።

«ኣያ ገብረጻድቅ፣ ማብሪያውን አጥፍተኸዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ። ፍጠን እንጂ ሓወይ፣ ሙሽራው ሳይታጠብ ሊያረጅ ነው።»

አላጠፋውም። እንደ ከተማው ሁሉ፣ መብራት ሲመጣ አንዲት ደቂቃ እንዳታመልጠው እንደበራ ትቶታል።

መብራት መጣ። ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ። ዘንጉ የሐቢብን እጅጌ ነክሶ ክንዱን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨመቀው፤ ሁለት ጣቶቹ የት እንደገቡ እስካሁን አልታወቀም። ብሎኑ ያልጠበቀው ኮፕሊንግ ተስፈንጥሮ የገብረጻድቅን መንጋጋ አደቀቀ፣ ቆርቆሮውን በሳ፣ የሙሽራውን መኪና መስታወት ዱቄት አደረገ። ሾፌሮቹ ሮጠው ሲገቡ ያገኙት መሬት ላይ የተዘረረ ገብረጻድቅንና ደም የለበሰ ሐቢብን ነው። ወሬው እዚያው ተወለደ።

ሁለቱም ዓይደር ሆስፒታል፣ ጎን ለጎን ተኙ። የገብረጻድቅ መንጋጋ በሽቦ ስለታሰረ መናገር አይችልም። መቀሌ የፈለገችውን እንድታወራ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በማግስቱ የገብረጻድቅ ወንድም ኣለምሰገድ የቧንቧ ብረት ነጠላው ውስጥ ደብቆ ገባ።

«ይሄ ነው በመዶሻ የመታህ?»

ገብረጻድቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኣለምሰገድ ይህን እንደ አዎንታ ቆጥሮ ብረቱን በሐቢብ አናት ላይ አነሳ። ያን ጊዜ ገብረጻድቅ እያቃሰተ ዞረ፤ ከአልጋው ተንጠራርቶ ብረቱን በሁለት እጁ አንቆ ያዘው።

ሐቢብ ቀና አላለም።

«አልመታሁትም» አለ። «አልተጣላንም። መዶሻም አልያዝኩም፤ የያዝኩት መፍቻ ነው። እኔ ጠየቅኩት፣ እሱ አጥፍቻለሁ አለኝ። በቃ ይኸው ነው።»