ፎቶውን አታስዋሹት

አክስቴ ቦሳ አዲስ በሚባል ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ኦቲዝም ያለባቸውንና በአፋቸው የማይናገሩ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ የሚፈልጉትን ነገር ፎቶ መዳፋቸው ላይ ሲያኖሩላቸው፣ ነገሩን እዚያው ይሰጧቸዋል። ቆዩ ማለት አይወዱም። እኛን ረዳቶቻቸውንም "ፎቶውን አታስዋሹት" ይሉን ነበር።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር እያነጋገራቸው ሳለ፣ ሀዊ የምትባል ተማሪያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሙዝ ፎቶ ሰጠቻቸው። ብድግ ብለው ወደ ሱቅ ሮጡ።

"እንግዳውን ትተው?" አልኳቸው።

"እሱማ አፍ አለው፣ ይጠብቀኝ። እሷ ገና ዛሬ መናገሯ ነው።"

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በማግስቱ ሀዊ ከእናቷ ጋር ለቅሶ ቤት መጣች። በለቀስተኛው መሃል አልፋ መዳፌ ላይ ፎቶ አኖረች። የአክስቴ ፎቶ ነው። ስትፈልጋቸው እንድትጠራበት ራሳቸው የሰጧት ነው።

እናቷ "ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ እንሂድ" እያለች ብትጎትታትም አልተነቃነቀችም። ያን ሁሉ ፎቶ ስናዘጋጅ፣ ሞተዋል የሚል አላዘጋጀንም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ቀና ስል እጇ እንደተዘረጋ ነው።